«ጨዋታ ነውና ተወው» ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ትምህርቱን የጨረሰ አንድ ወጣት ምን ሥራ ብይዝ ይሻለኛል ሲል ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። መጻፍ እንደሚወድ ነገረኝ። ስለ ምን መጻፍ ትወዳለህ ብዬ ብጠይቀው ጥቂት አመንትቶ «ስለ ስፖርት» አለኝ። አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው ሰዎች ኳስ ሲያባርሩ አይተህ ለመጻፍ ነውን? ጨዋታ ነውና ተወው፤ ይልቅስ ቁም ነገር ያዝ» አሉት። ወጣቱ አፈረ። እኔም ሽበታቸውን አክብሬ ዝም አልሁ። ነገር ግን ሽበትን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ስሕተትን ማክበር ሌላ ነው። ያን ዕለት ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ዛሬ በጽሑፍ እሰጣለሁ።

«ጨዋታ ነውና ተወው» የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እንደዚያ ሽማግሌ የጨዋታን ጸሐፊ የሚንቁ ናቸው። እነዚህ በቅንነት የተሳሳቱ ናቸውና ብዙ አልጣላቸውም። ሁለተኛዎቹ ግን በሥራው ውስጥ ያሉ፣ በጨዋታ ጽሑፍ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። በሜዳው ላይ ግፍ ሲሠራ አይታችኋልና ለምን አልጻፋችሁም ተብለው ሲጠየቁ፣ «እኛ የጨዋታ ጸሐፊዎች ነን፤ ይህ የፖለቲካ ነገር ነው፤ ጨዋታ ነውና ተወው» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊውን ከክብሩ ያወርዱታል፤ ሁለተኛዎቹ ከግዴታው ያስመልጡታል። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ስለ ጨዋታ የሚጻፍ ገጽ ሕሊና አያስፈልገውም ማለት ነው። እኔ ግን የምለው ይህ ነው፤ ስለ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው እንደማናቸውም ምስክር ነው፤ መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰውም እንደማናቸውም ዳኛ ነው። ምስክር በሐሰት፣ ዳኛም በአድልዎ የሚጠየቁትን ያህል እነርሱም ይጠየቃሉ።

ለዚህ ነገር ማስረጃ የማመጣው ከእግር ኳስ ሳይሆን በሀገራችን እምብዛም ከማይታወቀው ከክሪኬት ነው። ምክንያቱም የክሪኬት ጸሐፊዎችና አዘጋጆች ታሪክ ክርክሩን አጥርቶ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ በሀገራችን አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬት ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። አንደኛው ወገን ኳሱን ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ኳሱን በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል፤ መትቶም ሲሮጥ ነጥብ ያገኛል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ትልቁ ግጥሚያ እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ በየመካከሉም ለምሳና ለሻይ ይቋረጣል። ይህን ሁሉ ቀን ታግለው ሳይሸናነፉ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። እንግሊዞች ጨዋታውን ወደ ገዟቸው አገሮች ይዘውት ሄዱ፤ በሕንድ፣ በአውስትራልያ፣ በደቡብ አፍሪካና በካሪብያን ባሕር ደሴቶች ሥር ሰደደ።

እንዲህ ያለ ረጅም ጨዋታ ጸሐፊ ይፈልጋል። ሜዳው ሳይደርስ በጋዜጣ ብቻ የሚከታተለው ሕዝብ በሜዳው ከተገኘው እጅግ ይበዛ ነበርና። ስለዚህም በእንግሊዝ አገር «ዊዝደን» የሚባለው የክሪኬት ዓመታዊ መጽሐፍ ከ1864 ጀምሮ ይታተማል፤ «ዘ ክሪኬተር» የተባለውንም መጽሔት በ1921 የመሠረተው የእንግሊዝ ቡድን አምበል የነበረው ፔልሃም ዋርነር ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ጨዋታ መቶ ዓመት የሚያልፍ መዝገብ ሲኖረው፣ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ማን ጀግና ማን ፈሪ እንደ ነበረ፣ ማን ተመርጦ ማን እንደ ቀረ ለልጅ ልጅ የሚነግር ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህ ሥልጣን ነው። ሥልጣን ያለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ኃላፊነት አለ።

አሁን ወደ አንድ ሰው ሕይወት ልምጣ። ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በ1901 በትሪኒዳድ ደሴት ተወለደ። አባቱ አስተማሪ ነበር። የሚያድግበት ቤት ከክሪኬት ሜዳው አጠገብ ስለ ነበረ ሕፃኑ ወንበር ላይ ቆሞ በመስኮት ጨዋታውን ይመለከት ነበር። በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በታወቀ ትምህርት ቤት ተማረ፤ አስተማሪ ሆነ፤ ክሪኬትም ይጫወት ነበር።

በእኛ አገር በገና ጨዋታ ዕለት ጌታ አይቆጣም ይባላል። አሽከር ከጌታው ጋር በአንድ ሜዳ ይሮጣል፤ በዱላው ቢነካውም ቂም አይያዝበትም። ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ማዕርግ ከሜዳው ውጭ ይቆያል። በጄምስ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ማዕርግና ቀለም ከተጫዋቹ ጋር አብረው ወደ ሜዳ ይገቡ ነበር። ኩዊንስ ፓርክ የሚባለው ክበብ የባለጸጎች ነጮች ነበር፤ ሻምሮክ የካቶሊክ ነጮች፤ ሜፕል ቆዳቸው ቀላ ያለ የመካከለኛው መደብ ሰዎች፤ ሻነን የጥቁር አስተማሪዎችና ጸሐፊዎች፤ ስቲንጎ ደግሞ የድኾች ጥቁሮች። ወጣቱ ጄምስ ጥቁር ቢሆንም በትምህርቱ ምክንያት ሁለት በር ተከፈተለት። ከሻነን ይልቅ ሜፕልን መረጠ። ወገኖቹን ትቶ ከፍ ወዳሉት ተጠጋ ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1963 ባሳተመው «ከወሰን ባሻገር» በተባለው መጽሐፉ ይህን ምርጫውን ራሱ ጻፈው፤ ስሕተት እንደ ነበረና የፖለቲካ አስተዋዩን ለብዙ ዓመት እንዳዘገየበት ሳይሸሽግ ተናዘዘ። ስንቱ ጸሐፊ ነው የሌላውን ጥፋት በትልቅ ፊደል አሳትሞ የራሱን በዝምታ የሚያልፍ? በራሱ ላይ መመስከር የማይችል በሌላው ላይ ለመመስከር አይታመንም። ለጋዜጠኛ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

ጄምስ በ1932 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ኔልሰን በምትባለው የላንክሻየር ከተማ ይጫወት በነበረው በታላቁ ተጫዋች በሊሪ ኮንስታንታይን ቤት በእንግድነት ተቀመጠ፤ ኮንስታንታይንም የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያወጣ ረዳው። ስለ አዛውንቱ ኳስ ወርዋሪ ስለ ሲድኒ ባርንስ የጻፈውን ጽሑፍ የማንቸስተር ጋርዲያን ስመ ጥር የክሪኬት ጸሐፊ ኔቪል ካርደስ አይቶ ወደደው፤ በዚህም በር ጄምስ የዚያ ታላቅ ጋዜጣ የክሪኬት ዘጋቢ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ከዚህ ሰው ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1928 ዓ.ም. በሀገራችን አቆጣጠር ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን ስትወር፣ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ አፍሪካውያን ወዳጆች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚባል ተቋቁሞ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማን ነበር? ይህ የክሪኬት ዘጋቢ ነበር! በዚያው ማኅበር ውስጥ በኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ነበረበት። ጄምስ በማኅበር ስብሰባ መናገር አልበቃውም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሥር በጦርነት ወይም በሌላ አገልግሎት ለመሰለፍ ራሱን ለኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አቀረበ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን በማኅበሩ የሚሠራው ሥራ ለትግሉ የበለጠ እንደሚጠቅም መከሩት። ነገሩን ጄምስ ራሱ በ1936 በጋዜጣ ጽፎታል። እንግዲህ ያ ሽማግሌ ወዳጃችን ይፍረዱ። ሀገራችን በተጨነቀችበት ሰዓት ብዙ የተከበሩ መንግሥታት ዝም ሲሉ ድምፁን ያሰማልን አንዱ ሰው «ኳስ ሲመታ አይቶ የሚጽፍ» ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው ክርክሬን አቋርጦ፣ «ይህማ ከክሪኬት ጽሑፉ ውጭ የሠራው በጎ ሥራ ነው» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ስለዚህ በገዛ ሙያው ውስጥ በአዘጋጅነት የሠራውን ልንገራችሁ።

ጄምስ ብዙ ዓመት በአሜሪካ ከኖረ በኋላ በ1958 ወደ ትሪኒዳድ ተመለሰ፤ ገዥው ፓርቲ የሚያሳትመው «ዘ ኔሽን» የተባለ ጋዜጣም ዋና አዘጋጅ ሆነ። በዚያ ጊዜ የዌስት ኢንዲስ ደሴቶች የጋራ ቡድን አብዛኞቹ ታላላቅ ተጫዋቾች ጥቁሮች ሆነው ሳሉ አምበልነቱ ግን ከነጮች ወይም ነጭ ከሚመስሉት ወገን አይወጣም ነበር። በ1948 ጆርጅ ሄድሊ የተባለው ታላቅ ጥቁር መቺ አንድ ግጥሚያ ብቻ በአምበልነት መርቷል። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ፍራንክ ወረል የተባለው የባርባዶስ ልጅ በችሎታው የታወቀ፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ወደ ሕንድ የሄደ የልዩ ልዩ አገሮች ስብስብ ቡድንን በአምበልነት መርቶ የተመሰገነ ሰው ነበር። በገዛ አገሩ ቡድን ግን ከሌላው ሥር ይሰለፍ ነበር።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1960 በፖርት ኦፍ ስፔን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ግጥሚያ፣ አንድ የአገሩ ልጅ ከጨዋታ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጥቶ ጠርሙስ ወደ ሜዳው ወረወረ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። ሌሎች ነገሩን በሙቀቱና በመጠጡ አሳበቡ። ጄምስ ግን ጠርሙስ መወርወርን ሳያመሰግን፣ የሕዝቡ ቁጣ የቆየ ቁስል መሆኑን፣ የሚገባው ሰው የሚገባውን ቦታ ሲከለከል ሕዝብ ማየቱን ጻፈ። በጋዜጣው ላይ በየጊዜው ወረል አምበል እንዲሆን ተከራከረ። በወሬ አልተከራከረም፤ የወረልን ልምድ፣ ችሎታ፣ በሌሎች አገሮች ያገኘውን ክብር እየቆጠረ፣ ጄሪ አሌክሳንደር ከአምበልነቱ ይነሣ ብሎ ጽሑፉን በገዛ ስሙ በግልጽ አወጣ።

ምን ሆነ? ወረል በ1960 መጨረሻ ወደ አውስትራልያ ለሚሄደው ቡድን አምበል ሆኖ ተሾመ፤ ለሙሉ ተከታታይ ግጥሚያ የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል እርሱ ነው። በብሪስበን የተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ በእኩል ነጥብ አለቀ፤ በአገሮች መካከል በሚደረገው ታላቅ ግጥሚያ ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ዌስት ኢንዲስ በጠቅላላው 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሆኖም ቡድኑ ሲሄድ የሜልበርን ሕዝብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እንደ ድል አድራጊ ሸኘው፤ ሁለቱ አገሮች የሚጫወቱበትም ዋንጫ በወረል ስም ተጠራ። ከሹመቱ የወረደው አሌክሳንደር ደግሞ በወረል ሥር በቅንነት አገለገለ፤ በዚያ ጉዞ በመቺነት ከቡድኑ ሁሉ የላቀ አማካይ ውጤት ያገኘው እርሱ ነው። ይህ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ክርክሩ አሌክሳንደር ክፉ ሰው ነው የሚል አልነበረም፤ የሚገባው ሰው በቀለሙ አይከልከል የሚል ነበር። ሥርዓቱ ሲስተካከል ከሹመት የወረደውም ሰው ከብሮ ወጣ።

ጄምስ ግን ምን ሽልማት አገኘ? በዚያው በ1960 ከፓርቲው መሪ ከኤሪክ ዊልያምስ ጋር ተጋጭቶ የጋዜጣውን ሥራ ለቀቀ። ዊልያምስ በልጅነቱ የጄምስ ተማሪ ነበር። በ1965 ጄምስ ለእንግሊዝ ጋዜጦች የክሪኬት ዘጋቢ ሆኖ ወደ ትሪኒዳድ ሲመለስ ያው የቀድሞ ተማሪው በሚመራው መንግሥት ትእዛዝ በቤቱ ታሰረ። «የጨዋታ ጸሐፊ ምን ቁም ነገር አለው?» ለሚሉ ሰዎች መልሱ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ቁም ነገር የሌለውን ሰው አያስርም።

ሁለተኛው ምስክሬ እንግሊዛዊ ነው። ጆን አርሎት በሬዲዮ ድምፁ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የክሪኬት ተናጋሪና ጸሐፊ ነበር፤ ከዚያ በፊት ፖሊስ ነበር። በ1948 የእንግሊዝን ቡድን ተከትሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ጥቁሮች የሚደርስባቸውን አየ። በዚያ ጉዞ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ በሚጠይቅ ቅጽ ላይ «ሰው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ባዚል ዶሊቬራ የተባለ፣ በቀለሙ ምክንያት በደቡብ አፍሪካ ቡድን ሊሰለፍ ያልቻለ ተጫዋች ደብዳቤ ጽፎ እርዳታ ለመነው። አርሎት ደብዳቤውን ቅርጫት ውስጥ አልጣለም፤ ከአንድ የሙያ ጓደኛው ጋር ሆኖ በላንክሻየር የሚጫወትበት ክበብ ፈለገለት፤ ዶሊቬራም በ1960 ወደ እንግሊዝ መጣ። በ1966 ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በ1968 በአውስትራልያ ላይ 158 ነጥብ አስመዝግቦ ሳለ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄደው ቡድን መጀመሪያ ተተወ፤ በኋላ በሌላ ተጫዋች ምትክ ሲመረጥ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት አልቀበለውም አለ፤ ጉዞውም ተሰረዘ። በ1970 የደቡብ አፍሪካ ቡድን ወደ እንግሊዝ ሊመጣ ሲዘጋጅ አርሎት በሬዲዮ ስለ ግጥሚያዎቹ እንደማይናገር አስታወቀ። በሥራው ላይ የሚያገኘውን ገንዘብና ዝና ለሕሊናው ሰጠ ማለት ነው። በኋላ ያም ጉዞ ተሰረዘ፤ ደቡብ አፍሪካም እስከ 1991 ድረስ ከአገሮች ግጥሚያ ውጭ ቆየች።

ደግ ምሳሌ ብቻ ባመጣ ግን አድላዊ እሆናለሁ። የሙያው ፈተና ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ሁለት ጥፋት እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው የጸሐፊ ጥፋት ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ኔቪል ካርደስ የክሪኬትን ጽሑፍ ከነጥብ ቆጠራ አውጥቶ ወደ ሥነ ጽሑፍ ያሳደገ ሰው ነው፤ የሙዚቃም ሐያሲ ነበር። ነገር ግን ተጫዋቾች ተናገሩት ብሎ ከጻፈው ውስጥ ያልተናገሩት አለበት፤ ባሕርያቸውን ያሳይልኛል ብሎ ቃል ያስቀምጥላቸው ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ጨዋታ አልፈው ይስቁለታል። እኔ አልስቅም። ያልተናገሩትን ቃል በአንድ ሰው አፍ ማስቀመጥ፣ ቃሉ ያማረም ቢሆን፣ ከሰው ንብረት መውሰድ ነው። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃል ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ አውቀው ነው። የተናገሩት እንዲህ የሚከብድ ከሆነ ያልተናገሩት በስማቸው ሲጻፍ እንዴት አይከብድ? የካርደስን ውበት ተማሩ፤ ይህን ልማዱን ግን አትውረሱ።

ሁለተኛው የአዘጋጅ ጥፋት ነው። በጁላይ 1995 «ዊዝደን ክሪኬት መንዝሊ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ፣ ዘራቸው ከሌላ አገር የሆነ ተጫዋቾች ለእንግሊዝ ቡድን በሙሉ ልባቸው ይጫወታሉን የሚል ጥርጣሬ የሚዘራ ነበር። ይህ በታተመበት ጊዜ ዴቨን ማልኮም የተባለው በጃማይካ የተወለደ ወርዋሪ፣ ገና ባለፈው ዓመት ለእንግሊዝ ተሰልፎ በደቡብ አፍሪካ ላይ በአንድ ዙር ከ10ሩ መቺዎች 9ኙን ለብቻው ያስወጣ ሰው ነበር! ማልኮምና በዶሚኒካ ደሴት የተወለደው ጓደኛው ፊሊፕ ዴፍሬይታስ መጽሔቱን በሕግ ጠየቁ፤ መጽሔቱም ካሳ ከፍሎ ነገሩ ተዘጋ። ካሳ የተከፈለበት ቃል ግን ከወረቀት አይፋቅም። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለምን?

እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ አዘጋጆች ዘወትር የሚሰጡት ምክንያት አለ። «እኔ ሐሳቡን አልደግፍም፤ ለክርክር በር ከፈትሁ እንጂ» ይላሉ። ይህ ምክንያት ያማረ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። አዘጋጅ ማለት በር ብቻ አይደለም፤ በረኛም ነው። ከሚደርሱት ብዙ ጽሑፎች አንዱን ይመርጣል፤ ሌላውን ይጥላል፤ አንቀጽ ይቆርጣል፤ ርእስ ያወጣል፤ ሥዕል ያስገባል፤ ማረሚያውን ያነባል፤ ከዚያ በኋላ «ይታተም» ይላል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ገንዘቡንና ምስጋናውን ሲቀበል አዘጋጅ ነኝ፣ ሲጠየቅ ግን በር ነኝ ሊል አይችልም። በገዛ ማዕዱ ዙሪያ አንዱ እንግዳ የሌላውን እንግዳ ዘር ሲሰድብ ዝም ብሎ ወጥ የሚጨምር ባለቤት ቢኖር፣ «እኔ አልሰደብሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ክርክር ማለት በማስረጃ መዋጋት ነው። በሥራው የታወቀን ሰው ልቡን አላየንምና እንጠራጠረው ማለት ክርክር ሳይሆን ሐሜት ነው፤ ሐሜት በጥሩ ወረቀት ላይ ስለ ታተመ ክርክር አይሆንም።

ሌላው ምክንያት «ፖለቲካን ወደ ጨዋታ አታስገቡ» የሚለው ነው። እኔም እስማማለሁ፤ አይግባ! ነገር ግን መጀመሪያ ማን አስገባው? አምበልን በቀለም የመረጡት ናቸው ወይስ ይህ አይገባም ብሎ የጻፈው ጄምስ? ዶሊቬራን አልቀበልም ያለው መንግሥት ነው ወይስ አልናገርም ያለው አርሎት? እሳት የለኮሰውን ትቶ እሳት ነደደ ብሎ የጮኸውን መክሰስ ፍርድ ገምድልነት ነው። ዝም ያለው ጸሐፊም ከፖለቲካ አልራቀም፤ ዝም በማለቱ ለጉልበተኛው ፈርዷል።

ሦስተኛው ምክንያት የእንጀራ ነገር ነው። ይህኛውን አልንቀውም። የጨዋታ ጸሐፊ ከቡድኑ ጋር ይጓዛል፤ ከተጫዋቾች ጋር ይበላል፤ መግቢያ ወረቀት የሚሰጡት የጨዋታው ሹማምንት ናቸው፤ መጽሔቱም በዱላና በጫማ ሻጮች ማስታወቂያ ይረዳል። እውነት የጻፈ ዕለት በሩ ሊዘጋበት፣ ማስታወቂያውም ሊቀርበት ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በጆሮው የሚንሾካሾክለት እዚህ ላይ ነው። እኔ ይህን ተረት ከአባቶቻችን ተረት ሁሉ የከፋው ነው እላለሁ። ጄምስ ሥራውንም ነፃነቱንም አጣ፤ አርሎት ደመወዙን ተወ፤ ሁለቱም ግን በኋላ ያልበሉትን እያሰቡ ሲቆጩ አልታዩም። የሚቆጨው በልቶ ስሙን ያጣ ነው።

ለሽማግሌው ወዳጃችን አንድ ነገር ልተውላቸው። ስለ ጨዋታ ከሚጻፈው አብዛኛው ከንቱ መሆኑን አልክድም። ያሸነፈውን ማሞገስ፣ የተሸነፈውን መርገም፣ የተጫዋችን ትዳርና ጓዳ መበርበር፣ የደጋፊን ቁጣ ለገበያ ማራገብ፤ ይህ ሥራ ከሆነ «ተወው» ማለታቸው ልክ ነው። ነገር ግን ከንቱ ጽሑፍ በጨዋታ ገጽ ብቻ የሚገኝ አይደለም። መጥፎ ዳኛ ስላለ ዳኝነት ይቅር አንልም፤ ዳኛው ይታረም እንላለን እንጂ።

እንግዲህ ያን ዕለት አፍሮ ለሄደው ወጣት፣ ለእናንተም ለመሰሎቹ ሁሉ፣ ምክሬ ይህ ነው። የጨዋታ ጸሐፊ ለመሆን ብትፈልጉ አንገታችሁን አትድፉ። በመጀመሪያ ጨዋታውን ራሱን ዕወቁ፤ ሕጉን፣ ታሪኩን፣ ቁጥሩን ጠንቅቃችሁ ተማሩ፤ ጄምስ ሰው የሰማው ክሪኬትን ከማንም የማያንስ ስለሚያውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ያልተናገረውን አትጻፉ፤ የተናገረውንም አታጣሙ። ሦስተኛ፣ ስትሳሳቱ ስሕተታችሁን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን አርሙ። አራተኛ፣ አንድ ቀን የአዘጋጅ ወንበር ላይ ብትቀመጡ፣ «ይታተም» ከማለታችሁ በፊት ጽሑፉ የሚነካው ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ሲያነበው ይታያችሁ። ፊቱን ለማየት የምታፍሩበትን ቃል አታትሙ፤ ፊቱን እያያችሁ ልትሉት የምትችሉትን ትችት ግን ማንም ቢቆጣ አትሰርዙ። በንግግር ሰው ይፈረዳል፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና፣ ብዕራችሁንም አያያዙን ዕወቁበት።

በዚያ በትሪኒዳድ መንደር ወንበር ላይ ቆሞ በመስኮት ሜዳውን ይመለከት የነበረው ሕፃን የሚያየው ጨዋታ ብቻ መስሎት ነበር። ሲያድግ በዚያው ሜዳ ላይ ፍርድና ግፍ፣ ክብርና ንቀት ሲጋጠሙ አየ፤ ያየውንም ሳይሸሽግ ጻፈ። ለእናንተም መስኮቱ ክፍት ነው። የምታዩትን እዩ፤ ያያችሁትን መስክሩ። ዛሬ የሚቆጣችሁ ቢበዛ አትደንግጡ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። «ጨዋታ ነውና ተወው» የሚላችሁ ሲመጣም በትሕትና ሽበቱን አክብራችሁ፣ በድፍረት ግን «ጨዋታ ስለ ሆነ ነው የማልተወው፤ ሕዝብ ሁሉ የሚያየው ሜዳ ላይ ግፍ ሲሠራ ምስክር ያስፈልገዋልና» ብላችሁ መልሱለት።